አካባቢን የማይጎዳ የአበባ ሥራና የቅርብ አበባ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቅርብ የበቀለ አበባ ሁልጊዜ ለአካባቢ ይሻላል?

ሁልጊዜ አይደለም። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ርቀት ነው፤ ከርቀቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን አበባው በፀሐይ ሙቀት አደገ ወይስ ጋዝ እየነደደለት የሚለው ነው። የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ 12,000 የኬንያ ጽጌረዳ የአውሮፕላን ጉዞው ተደምሮበት ወደ 6,000 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ያንኑ ያህል የኔዘርላንድስ ጽጌረዳ ደግሞ 35,000 ኪሎ ግራም ገደማ። ልዩነቱን ያመጣው በብርድ ወራት ግሪንሃውሱን ለማሞቅና ለማብራት የሚፈጀው ኃይል ነው።

ይህ ማለት ግን የሩቅ አበባ ይሻላል ማለት አይደለም። በወቅቱ ሜዳ ላይ የበቀለ የቅርብ አበባ ከሁሉም ይቀድማል፤ ማሞቂያ በሌለው የፕላስቲክ ቤት ያደገው ይከተለዋል። ከወቅቱ ውጭ በማሞቂያ ያደገ አበባ ግን ከጎረቤት ቢመጣም "የቅርብ" መባሉ ብቻ አያድነውም። ወቅቱን ያልጠበቀ አበባ የግድ ካስፈለገ በአውሮፕላን ከሚመጣው በመርከብ የሚመጣውን ይምረጡ። ካርኔሽንና ክሪዛንተመም የመርከብ ጉዞን ከብዙዎቹ አበቦች በተሻለ ይችላሉ።

ሻጩን ወይም አብቃዩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

"አበባችሁ አካባቢን ይጎዳል?" ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ምንጊዜም "አይጎዳም" ነው። በቀንና በስም የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መቼ ተቆረጠ? የት? ማሞቂያ ነበረው? መጨረሻ የተረጨው ምንድን ነው፣ ከተረጨስ ስንት ቀን ሆነው? ከተቆረጠ በኋላ የቆመው በንጹህ ውሃ ነው ወይስ በመድኃኒት? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካርኔሽንን የመሰሉ አበቦች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ብር ያለበት ሲልቨር ታዮሰልፌት የሚባል ፈሳሽ ይጠጣሉ። የተረፈው ፈሳሽ ከባድ ብረት ስላለበት ወደ ቦይ መደፋት የለበትም። ይህን የሚጠቀም አብቃይ የተረፈውን የት እንደሚያስወግድ መናገር መቻል አለበት።

አበባው ራሱም ይናገራል። የዘንጉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ካሙለጨለጨ ውሃ ውስጥ ብዙ ቆይቷል። የጽጌረዳን እንቡጥ ከሥሩ በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት ጠጠር ማለት አለበት፤ ከለሰለሰ አርጅቷል። በባልዲው ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ቁመት የተቆረጠና ቀጥ ያለ ከሆነ በደረጃ ተመድቦ የመጣ የፋብሪካ ያህል ምርት ነው። ከትንሽ ማሳ የመጣ አበባ ጎበጥ ያለ ዘንግ አይጠፋውም፤ ለሚያቀናብር ሰው ደግሞ ጎበጥ ያለው ነው ለቅንብሩ ሕይወት የሚሰጠው።

ፌርትሬድ፣ ሬይንፎረስት አላያንስ፣ ኤምፒኤስ የሚሉ ምልክቶች ሲያዩ የሚመልሱትን ጥያቄ ይለዩ። ፌርትሬድ ይበልጥ የሚያተኩረው በሠራተኛው ደመወዝና አያያዝ ላይ ነው። የኤምፒኤስ የኤ፣ ቢ፣ ሲ ደረጃ ደግሞ የእርሻውን የኃይል፣ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ መድኃኒት አጠቃቀም ይለካል። አበባው መቼ እንደተቆረጠና በምን ተጓጉዞ እንደመጣ ግን አንዳቸውም አይነግሩዎትም።

ትናንሽ አብቃዮችን ለማግኘት ማኅበራቸውን መፈለግ ይቀልላል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ፍላወርስ ፍሮም ዘ ፋርም ለዚህ ዓይነቱ ትስስር ጥሩ ምሳሌ ነው።

አበባ አይበላ፤ የፀረ ተባይ ቅሪቱ ምን ያሳስባል?

የሚያሳስበው አዘውትሮ የሚነካውን ሰው ነው። የቤልጅየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 90 እቅፍ ጽጌረዳ፣ ጀርቤራና ክሪዛንተመም መርምረው 107 ዓይነት ንጥረ ነገር አግኝተዋል። የሚበላ ሰብል የቅሪት ጣሪያ አለው፤ ለአበባ ግን በብዙ አገር እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ቀኑን ሙሉ ቅጠል የሚገፍፍ ሰው ናይትራይል የሚባለውን የሰው ሠራሽ ላስቲክ ጓንት ያድርግ፤ ጓንቱ ሲቀደድ ይቀይር። አበባ እየነኩ መብላት አይገባም፤ የሥራ ልብስም ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብም። ኬክ ላይ የሚቀመጥ አበባ ሳይረጭ መብቀሉ የተረጋገጠና ዝርያው መርዛማ ያልሆነ መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ኬክ ላይ አይቀመጥም።

አረንጓዴው ስፖንጅ (ፎም) ምን ችግር አለው?

ከፌኖልና ከፎርማልዲሃይድ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ኦአሲስ በሚል ስም ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የአበባ አቀናባሪ ጠረጴዛ ላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ውሃ ይይዛል፣ ዘንግንም በፈለጉት አቅጣጫ ያቆማል። ችግሩ ሲነካ መፈርፈሩ ነው። ፍርፋሪው ከባልዲው ውሃ ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በሜልቦርን የአርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፎም ፍርፋሪን ለ6 ዓይነት ትናንሽ የውሃ እንስሳት አቅርበው ሁሉም እንደበሉት አይተዋል፤ ከፎሙ ወደ ውሃው የሚወጣው ኬሚካልም መርዛማ ሆኖ አግኝተውታል። የብሪታኒያው የአትክልት ማኅበር፣ አርኤችኤስ፣ የቼልሲን ጨምሮ በሚያዘጋጃቸው የአበባ ትርዒቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ፎምን ከልክሏል።

"ይበሰብሳል" ተብሎ የሚሸጠውስ? በምን ሁኔታ፣ በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ ማሸጊያውን ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ ሙከራው የተደረገው በረቂቅ ሕዋሳት በተሞላ የቆሻሻ መድፊያ ሁኔታ ነው። ወንዝ ወይም የጓሮ ብስባሽ ጉድጓድ እንደዚያ አይደለም።

እጅዎ ላይ የቀረ ፎም ካለ በደረቁ አይቁረጡት፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። የነከሩበትን ውሃ በማጠቢያ ገንዳ አይድፉ። ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ፣ ለምሳሌ በአሮጌ የትራስ ልብስ፣ አጥልሉትና ዝቃጩን ከፎሙ ጋር በከረጢት አስረው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉ። ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት።

ታዲያ ያለ ፎም አበባው በምን ይቆማል?

ለአብዛኛው ሥራ የዶሮ ሽቦ መረብ ይበቃል። ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ይምረጡ። 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሲታጠፍ ቀዳዳው ይዘጋና ወፈር ያለ ዘንግ አያስገባም፤ በግድ ሲያስገቡት ደግሞ ዘንጉ ይላጣል፣ የተላጠው ቶሎ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ የተለበደው ሽቦ ዝገት ስለማይዘው ለዓመታት ያገለግላል፤ ያልተለበደው ቶሎ ይዝጋል፣ የነጭ ሸክላ ዕቃንም ያቆሽሻል።

አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጎድጓዳ ዕቃ አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይቁረጡ። ጫፉ ስለሚወጋ ወፍራም ጓንት ያድርጉ።
2. የተቆረጡትን ጫፎች ወደ ውስጥ እየቀበሩ ላላ ባለ ኳስ ቅርጽ ይጠቅልሉት። ከላይ ሲያዩት ሽቦው በሁለት ወይም በሦስት ደርብ መደራረብ አለበት፤ አንድ ደርብ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ይንገዳገዳል።
3. ዕቃው ውስጥ አስገብተው መሐሉን ከአፉ ጠርዝ በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ወደ ጎን የሚዘረጉ ዘንጎች የሚደገፉት እዚያ ላይ ነው።
4. የዕቃው ጠርዝ ደረቅ ሳለ ውሃ በማያስለቅቀው ቀጭን ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ያስሩት። ጠርዙ ከረጠበ በኋላ ፕላስተሩ አይይዝም።
5. ውሃውን ሦስት አራተኛ ይሙሉ፣ ቀድመው ቅጠላ ቅጠሉን፣ ቀጥለው ትልልቆቹን አበቦች ይሰኩ። ዘንጉ ውሃ መንካቱን አንድ በአንድ ያረጋግጡ።

የመጨረሻዋን ነገር የሚዘነጋ ብዙ ነው። ፎም ውስጥ የተሰካ ዘንግ የትም ቢሰካ ውሃ ያገኛል። ሽቦ ላይ ግን አጭር ዘንግ በአየር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላም አንገቱን ይደፋል።

ለዝቅተኛና ለጠፍጣፋ ዕቃ የጃፓኖቹ ኬንዛን፣ ማለትም የመርፌ ሰሌዳው፣ ይሻላል። በደረቅ ዕቃ ላይ በማጣበቂያ ጭቃ ያስቀምጡት፤ ውሃው መርፌዎቹን በ2 ሴንቲ ሜትር ይለፋቸው። የብዙዎቹ መሠረት እርሳስ ስለሆነ ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ ነው። ቀጭን ዘንግ በመርፌዎቹ መካከል እየሾለከ ከወደቀ ከሌላ ቁራጭ ዘንግ ጋር አስረው ይሰኩት።

ለቅስትና ለተንጠለጠለ ሥራ ውሃ የያዙ ብልቃጦች ከቅጠሉ ኋላ በሲባጎ ይታሰራሉ። ሥሩን በባልዲ ውስጥ ያቆሙ ረጃጅም ቅርንጫፎችም ቅስቱን ከሁለት ወገን ሊሸፍኑት ይችላሉ። ውሃ ሳያገኙ ለ6 ሰዓት የማይቆዩ አበቦችን እዚህ ሥራ ላይ ባያስገቡ ይሻላል፤ ሃይድራንጂያ የመጀመሪያዋ ናት።

የቅርብ አበባ ቶሎ ይጠወልጋል ይባላል። እውነት ነው?

በትክክል ከተቆረጠ ተቃራኒው ነው፤ በጉዞና በማከማቻ የሚባክኑት ቀናት አይኖሩትም። ቅሬታው የሚመጣው በተሳሳተ ሰዓትና በተሳሳተ ደረጃ ከመቁረጥ ነው። የሚቆረጠው ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ባልዲው ከነውሃው ማሳው ድረስ ይሄዳል።

ደረጃው በየዝርያው ይለያያል። ዳሊያ ከተቆረጠች በኋላ እምብዛም ስለማትፈነዳ ሦስት አራተኛ ከፈነዳች በኋላ ትቆረጣለች። ቱሊፕ ተቃራኒ ናት፦ እንቡጧ ቀለም እንደያዘ፣ ገና እንደተዘጋች ትቆረጣለች፤ ማስቀመጫው ውስጥ ሆናም ቁመት ትጨምራለች። የሱፍ አበባ ፔታሎቹ (ባለቀለሞቹ የአበባ ቅጠሎች) ከመሐሉ መላቀቅ ሲጀምሩ ነው። ግላዲዮለስ ከታች አንድ ወይም ሁለት እንቡጥ ቀለም ሲያሳይ ነው፣ የቀሩት በየተራ ይፈነዳሉ። ጽጌረዳ አረንጓዴዎቹ የእንቡጥ ሽፋኖች ወደ ታች ከታጠፉና ውጨኛው ፔታል ከላላ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቆረጠች ሳትፈነዳ አንገቷን ትደፋለች።

ዚኒያ ብዙ ሰው ያታልላል። ሙሉ በሙሉ የፈነዳች ብትመስልም አንገቷ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ዘንጉን ይያዙና ነቅነቅ ያድርጉት፦ አንገቱ ከተጥመለመለ ይተዉት፣ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ከተወዛወዘ ይቁረጡት። ሳይደርስ የተቆረጠ ዚኒያ በምንም ዓይነት ውሃ አይድንም።

ከቆረጥኩ በኋላ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ባልዲው። በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ ከውስጡ ውሃ ለመጠጣት የማያስጠላ ያህል ንጹህ ይሁን። አበባን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የውሃ ማነስ አይደለም፤ በዘንጉ ጫፍ የሚራባው ባክቴሪያ መጠጫውን ስለሚደፍነው ነው።

ውሃው ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ ይግፈፉ። ጫፉን በስለታም መቀስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩ። ጫፉን አዝምሞ መቁረጥ የሚጠቅመው ጫፉ ከዕቃው ወለል ጋር ተጣብቆ እንዳይዘጋ ነው እንጂ ይህን ያህል ተአምር አይሠራም። እንጨትነት ያለውን ዘንግ በመዶሻ መቀጥቀጥ የቆየ ልማድ ነው፤ መጠጫውን ይጨፈልቀዋል፣ ባክቴሪያም ይጋብዛል። በቢላ ከጫፉ ወደ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር መሰንጠቅ ይሻላል። ከዚያ አበቦቹ ባልዲው ውስጥ ሆነው በቀዝቃዛና ጨለም ባለ ቦታ ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ከተቻለም ሌሊቱን ይቁሙ። እንደ ጀርቤራና ዚኒያ ያሉ ለስላሳ ዘንጎች ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዘንጋቸው ይበሰብሳል።

ነጭ ፈሳሽ የሚያወጡት ሌላ አያያዝ ይፈልጋሉ። የፖፒን ጫፍ ለ20 ሰከንድ ያህል የፈላ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፣ አበባውን ከእንፋሎቱ አርቀው። የዩፎርቢያ ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አይነካም። ዳፎዲል የሚያወጣው ልጋግ ሌሎችን አበቦች ይጎዳል፤ ለብቻው ለ12 ሰዓት ያቁሙትና ዳግመኛ ሳይቆርጡት ከሌሎች ጋር ያቀላቅሉ። ከቆረጡት እንደገና ያወጣል።

የበሰለ ሙዝና ፖም አጠገብ አበባ አያስቀምጡ። የሚያወጡት ኤቲሊን ጋዝ ካርኔሽንን፣ ዴልፊኒየምንና ስዊት ፒን ያለጊዜያቸው ያረግፋቸዋል።

የአበባ ምግብ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ሩብ የሻይ ማንኪያ ተራ በረኪና። ስኳሩ ምግብ ነው፣ ሎሚው ውሃውን አሲዳማ አድርጎ መጠጣቱን ያቀልለታል፣ በረኪናው ባክቴሪያን ይገታል። ስኳርን ያለ በረኪና መጨመር ባክቴሪያን መቀለብ ነው። በረኪናውን መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ሙሉ ሳለ ይጨምሩ፤ በረኪናና ሎሚ ውሃ ሳይቀጥናቸው ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ይህን ሁሉ መሥራት ካልፈለጉ በየቀኑ ውሃ መቀየርና በየሁለት ቀኑ ጫፉን ማሳጠር አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ውሃው ውስጥ የመዳብ ሳንቲም ወይም አስፕሪን ይጨመር የሚባለው ነገር ይቅር።

ለሠርግ ወይም ለትልቅ ዝግጅት በቅርብ አበባ ብቻ መተማመን ይቻላል?

ውሉ በትክክል ከተጻፈ አዎ። ውሉ ላይ የዝርያ ስም ከጻፉ ዝናብ ወይም ውርጭ ሲመጣ ይያዛሉ። ቀለምና ቅርጽ ይጻፉ፦ "ትልቅ ክብ አበባ፣ ከክሬም እስከ ፈዛዛ ሮዝ"፣ "ረጅም ሹል አበባ፣ ነጭ"። ያኔ ዳሊያው ቢበላሽ ዚኒያ ይተካዋል። ከአብቃዩ ጋር ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ማሳውን ይዩ፣ በመጨረሻው ሳምንት የሚቆረጠውን በቁጥር ይስማሙ፣ ከሚያስፈልገው 10 በመቶ ያህል ጨምረው ይዘዙ። የተሰበረና ያልፈነዳ አይጠፋም።

ለአንድ የእጅ እቅፍ ከ3 እስከ 5 ትልልቅ አበባ፣ ከ5 እስከ 7 መካከለኛ፣ 3 ረጃጅም ሹል፣ 5 ደቃቅ ማሟያና ከ5 እስከ 7 ዘንግ ቅጠል መነሻ ይሆናል። የራሱን ማብቀል ለሚፈልግ ባለ አንድ ዘንግ ሱፍ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተዘርቶ በብዙዎቹ ዝርያዎች ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይደርሳል። አንዴ አብቦ ስለሚያበቃ በየ10 ቀኑ መዝራት ያስፈልጋል።

አበባ በማይኖርበት ወቅትስ?

የደረቀ አበባ። ስታቲስና ስትሮፍላወር ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ስትሮፍላወር መሐሉ ሳይከፈት ይቆረጣል፤ ሲደርቅ መፈንዳቱን ይቀጥላልና። አሥር አሥር ዘንግ በላስቲክ አስረው (ሲባጎ ዘንጉ ሲቀጥን ያሾልካል) ጨለማና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ወደ ታች ዘቅዝቀው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይስቀሉ። ብርሃን ቀለሙን ይበላል፣ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። በኬሚካል ነጥቶ ወይም ቀለም ተነክሮ የሚሸጠው የደረቀ አበባ ግን አካባቢን ከመጠበቅ ጋር አይሄድም። ፍሬ ያዘለ ቅርንጫፍ፣ የዘር ቆብ፣ ቅርፊቱ ያማረ እንጨትም አሉ።

ከዱር መቁረጥ ይፈቀዳል?

የመሬቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ አይቁረጡ፤ የተጠበቀ ዝርያና የተጠበቀ ቦታ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። መጤ ወራሪ ተክልን ማጽዳት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዘሩ ግን አብሮ ይጓዛል። ዘር ወይም ፍሬ የያዘውን እዚያው ይተዉት፣ ከሥራ በኋላም ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት።

መጠቅለያውና የተረፈው የት ይሄዳል?

በክራፍት ወረቀትና በሲባጎ ማሰር በቂ ነው። ለጉዞ ጫፉን በረጠበ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠቅልለው በላዩ በሰም የተነከረ ወረቀት ያድርጉ። የሳቲን ሪባን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ጥጥ ወይም ሐር ይምረጡ፣ ካልሆነም ሪባኑን መልሰው ይሰብስቡ። "ኮምፖስት ይሆናል" የሚል ግልጽ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ በ58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሠራ የፋብሪካ ብስባሽ ማዘጋጃ ይፈልጋል፤ የጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል።

አበባውን ከመጣልዎ በፊት ሽቦውን፣ ፕላስተሩን፣ ሪባኑንና ከጽጌረዳ ላይ የማይጠፋውን ላስቲክ ይልቀሙ። ዘንጉን በ5 ሴንቲ ሜትር ይቆራርጡ፣ ከደረቅ ቅጠል ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር ያቀላቅሉ። እርጥብ ዘንግ ብቻ ሲከመር አየር ያጣና ይገማል። ቀለም የተረጨበትና ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ግን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል።